ከሻምፖ ጠርሙስ የወጣው ቀለበት

አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። የላከችልኝ የመን ውስጥ፣ ዐደን፣ መንሱራ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች፤ አልጽፍም። መልእክቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ግማሹ ስለ መብራት ነው። ዐደን የኖረች ወይም እዚያ ዘመድ ያላት ሁሉ ታውቀዋለች። በበጋ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ የባሕሩ እርጥበት ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቃል፣ መብራቱ ደግሞ ይሄዳል። ሲሄድም ለሰዓታት ነው።

በዚያ ምሽትም መብራት ሄዶ ነበር። ማዳም ሳሎን ውስጥ በኹር አጭሳለች። በኹር ዐደኒ በመላው ባሕረ ሰላጤ የታወቀ ነው፤ ሴቶች በቤታቸው ከዑድ፣ ከስኳርና ከሽቶ እያበሰሉ የሚሠሩት፣ ጭሱ ወፍራም፣ ሽታው ለቀናት መጋረጃ ላይ የሚቆይ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ኤሲ ቆሞበት፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶበት ሲነጫነጭ እህታችን ያለቀ የሻምፖ ጠርሙስ አጥባ ሰጠችው። ልጁ ጠርሙሱን ጨመቅ አድርጎ አፉን ጭሱ ላይ ያዘና ለቀቀው፤ ጠርሙሱ ጭሱን ሳበ። ከዚያ ጎኑን በጣቱ መታ ሲያደርገው፣ በእሷ አባባል፣ «ነጭ ቀለበት ወጣ። ክብ። አይበተንም። እየሄደ፣ እየሄደ ግድግዳው ጋ ደረሰ።»

ልጁም ጠየቃት፦ «ያ ኻላ፣ ለምን ክብ ሆነ?»

«ነገ እነግርሃለሁ አልኩት» ትላለች። «እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ፊዚክስ ላይ ብዙ አልቆየሁም። አንቺ ተርጓሚ ነሽ አይደል? ንገሪኝ። ነገ ይጠይቀኛል።»

ይቺ «ነገ ይጠይቀኛል» የምትለዋ ነገር ያዘችኝ። ሰው ቤት የሠራሽ እህቴ ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ እንጠየቃለን፤ «ጨረስሽ?»፣ «የት አደረግሽው?»፣ «ለምን ዘገየሽ?» ይሉናል። «ይህ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ዕውቀት ፈልጎ የሚጠይቀን ግን ስንት ሰው ነው? እሷን ጠየቃት። መልሱን ፈላልጌ ላክሁላት፤ ለአንቺም ይኸው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። ሻማ ለኩሺና ክንድሽን ዘርግተሽ ከፊትሽ ያዢው። እፍ ብትይ ይጠፋል። አሁን መልሰሽ ለኩሺውና ከዚያው ርቀት አየር ወደ ውስጥ ሳቢ። የፈለግሽውን ያህል ብትስቢ ሻማው አይጠፋም፤ ነበልባሉ እንኳ እምብዛም አይነቃነቅም። የሚወጣው አየርና የሚገባው አየር ልኩ አንድ ነው፣ የሚያልፈውም በዚያው አፍ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ዓርብ ቀን ከመስጊድ ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ሰው ሲወጣ አስቢ። የሚወጣው ሕዝብ በሩን ሲያልፍ ተጠጋግቶ፣ አንዱ አንዱን እየገፋ፣ ፊት ለፊት ነው የሚሄደው። ሲገባ ግን ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከአጥሩ ጥግም ከየአቅጣጫው እየተሰበሰበ ነው የሚመጣው። አየርም እንዲሁ ነው። ሲወጣ ቀጥ ብሎ ርቆ ይሄዳል፤ ሲገባ ግን በአፍሽ ዙሪያ ካለው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ክንድሽ ጫፍ ላይ ያለው ሻማ ምንም አይሰማውም። ይህን ያዢልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቀለበቱ። ጠርሙሱን መታ ስታደርጊው አየሩ በአፉ በኩል ይወጣል። መሐሉ በፍጥነት ይሄዳል፤ የጠርሙሱን አፍ ጠርዝ የሚታከከው ግን ይዘገያል። ጠርዙ ጋ ሲደርስ የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ወደ ውጭ ይጠቀለላል፤ ከውስጥ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ኋላ። አፉ ክብ ስለሆነ መጠቅለሉም ዙሪያውን ክብ ይሆናል። እናትሽ ወይም አያትሽ ጥጥ ስትፈትል አይተሽ ከሆነ እንዝርቱን አስቢ። ያ የሚሾር እንዝርት እንደ ሙቅ ሰም ቢተጣጠፍና ጫፍና ጫፉ ቢጋጠም፣ መሾሩን ሳያቆም ቀለበት ቢሆን፣ የአዙሪት ቀለበት ማለት እሱ ነው። ዐረቦቹ አዙሪትን «ደዋማ» ይሉታል፤ ልጆች መሬት ላይ የሚያሾሩትን መጫወቻም በዚያው ፊደል ነው የሚጽፉት።

ቀለበቱ ለምን ይሄዳል? ማንም አይገፋውም፤ ራሱን ነው የሚገፋው። በአንዱ ጎን ያለው ሽክርክሪት ከፊት ለፊቱ ያለውን ጎን ወደ ፊት ይነዳዋል፣ ያም በተራው ይህንን ይነዳል። ለምን አይበተንም ብትዪኝ፣ ውስጡ የያዘውን አየርና ጭስ እንደ ታሸገ ዕቃ ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው። የበኹሩን ሽታ ሳሎኑ ማዶ ድረስ የሚያደርሰው ለዚህ ነው። ጭሱ ግን ቀለም ብቻ ነው። ያለ ጭስም መታ ብታደርጊው ቀለበቱ ይወጣል፤ አይታይሽም እንጂ። ፊትሽ ላይ ብታነጣጥሪው ጉንጭሽ ላይ እንደ ለስላሳ ኳስ ይመታሻል።

ይህን ትልቁ ተፈጥሮም ያደርገዋል። ዐደን ክሬተር የሚባለው ሰፈር የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተሠራ ከተማ ነው። ዛሬም የሚነድደው የጣሊያኑ ኤትና ደግሞ በኤፕሪል 2024 አዲስ በተከፈተ ክብ ቀዳዳው ብዙ ነጭ ቀለበቶችን ወደ ሰማይ ሲተፋ ዓለም በፎቶ አይቶታል። የሻምፖው ጠርሙስና የኤትና አፍ የሚከተሉት ሕግ አንድ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን በጣም የሳበኝ ሰው ግን ተርጓሚ ነው። የጀርመኑ ሄርማን ሄልምሆልትዝ በ1858 ስለ አዙሪት የሒሳብ ጽሑፍ አሳተመ፤ ከባድ ጽሑፍ ነው። የስኮትላንዱ ፒተር ቴይት አነበበውና ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ትርጉሙ በ1867 ታተመ። የተረጎመውን ነገር በዓይኑ ማየት አማረው መሰለኝ፣ ኤድንብራ ውስጥ ሣጥን ሠራ። በአንድ ወገን ክብ ቀዳዳ አበጀለት፣ በሌላው ወገን በእንጨት ፈንታ ፎጣ ወጠረበት። ሣጥኑን በጭስ ሞልቶ ፎጣውን ሲመታው ቀለበቱ ይወጣል። ሁለት ቀለበቶችን ሲያጋጭ እንደ ጎማ ተነጣጥረው ይንቀጠቀጣሉ እንጂ አይጠፉም ነበር።

ጓደኛው ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ይህን አይቶ ተደነቀ፤ በዚያው ዓመትም «አተሞች ሁሉ የዚህ ዓይነት ቀለበቶች ናቸው» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ስህተት ነበር። ግን ስህተቱን ተከትሎ ቴይት ቋጠሮዎችን በዓይነት በዓይነታቸው መቁጠር ጀመረ፣ ከዚያም የቋጠሮ ሒሳብ የሚባል ትምህርት አደገ። እኔ ግን ቆም የምለው ፎጣው ላይ ነው። የዓለም አተሞችን ለማስረዳት የተነሳ ሐሳብ መነሻው ሣጥንና ፎጣ ነበር። ሁለቱም በአንቺ እጅ ይገኛሉ።

(ቴይት ጭሱን የሚያወጣው ኬሚካሎችን እያቀላቀለ ነበር። አንቺ ግን አትቀላቅዪ! ክሎሮክስን ከሌላ የመታጠቢያ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ይህን የምጽፈው ስለ ቀለበቱ ሳይሆን ስለ ሥራሽ ነው።)

እስካሁን ያየነው አንድ መታ፣ አንድ ቀለበት ነው። ደጋግሞ መምታት ቢመጣስ? በሰከንድ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ?

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የአንድ መብራት የአጠቃቀም መመሪያ እንድተረጉም ተሰጠኝ። መብራቱ እንዳይግል ማራገቢያ ሳይሆን «ሰው ሠራሽ ጄት» አለው ይላል። ቃል በቃል መለስኩት፣ አስረከብኩ። የተቀበለኝ ሰው ደውሎ «መብራቱ ውስጥ የውሸት አውሮፕላን አለ ወይ?» አለኝ። አፈርኩ። ያኔ ነው ነገሩ ምን እንደሆነ ማንበብ የጀመርኩት።

«ጄት» አውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ የሚወጣ ማንኛውም ፈሳሽ ወይም አየር ነው። ዐረብኛው «ነፋሣ» ይለዋል፤ ሥሩ «ነፈሠ»፣ እፍ ማለት ነው። ሱረቱል ፈለቅን የቀራች እህት ቃሉን ታውቀዋለች፤ ቋጠሮ ላይ እፍ የሚሉት የተጠሩበት ቃል ነው። በአማርኛም «እፍታ» ብንለው ከ«ጄት» ሳይሻል አይቀርም። «ሰው ሠራሽ» የሚለውም ያሳስታል፤ የውሸት ማለት አይደለም፤ ከአካባቢው ተሰባስቦ የተቀናበረ ማለት ነው።

አሠራሩ የሻምፖው ጠርሙስ ነው። ትንሽ ዕቃ፣ አንድ ቀዳዳ፣ ከኋላው በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ ስስ ገበታ። ገበታው ሲገፋ አየር ይወጣል፤ ቀለበት ይሠራል። ሲመለስ አየር ይገባል። የወጣውና የገባው ልኩ እኩል ነው፤ ዕቃው የሚሞላበት ቱቦ የለውም፣ ከየትም አየር አይመጣለትም። ሒሳቡ ዜሮ ነው። ሆኖም ከፊቱ እጅሽን ብትይዢ ወደ ፊት ብቻ የሚነፍስ ነፋስ ይሰማሻል። አሁን ሻማውን አስታውሺ። የወጣው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የሚገባው ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። ገበታው ወደ ኋላ በሚስብበት ሰዓት ቀለበቱ ርቆ ሄዷል፤ አያገኘውም። የሚቀጥለው ቀለበት ይከተለዋል፣ ሌላው ይከተላል፣ ራቅ ብለው ይሰባበሩና ተቀላቅለው አንድ የሚነፍስ ነገር ይሆናሉ።

ለእህታችን ይህን ያስረዳሁት በእቁብ ነው። እቁብ ውስጥ ከውጭ የሚገባ ገንዘብ የለም፤ ወለድ የለም። አሥር ሴቶች ከየኪሳቸው ትንሽ ትንሽ ያወጣሉ፣ አንዷ ባንድ ላይ ታነሣዋለች። ጠቅላላው ሒሳብ ዜሮ ነው፤ ማንም አልከበረም። ግን በትንሽ ትንሹ የማይሠራው ቤት ባንድ ላይ ሲመጣ ይሠራል። ጄቱም ከዙሪያው በዝግታ ሰብስቦ ባንድ አቅጣጫ ባንዴ ይሰጣል። ሳቀች። «ዕጣው የሚወጣው ለሻማው ነው በዪኛ» አለችኝ።

ልክ ግን አለው። በጣም በትንሹ ብትገፊው ቀለበቱ ከአፉ ሳይርቅ ተመልሶ ይሳባል። ክብ ቀዳዳ ከሆነ የሚገፋው አየር ርዝመት ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ግማሽ ያህል መሆን አለበት። በጣም ብትገፊውም አይጠቅምሽም። በ1998 ካልቴክ የሚያስተምረው ሞርቴዛ ጋሪብ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እንዳሳየው፣ የተገፋው ርዝመት ከቀዳዳው ስፋት አራት እጥፍ ገደማ ሲደርስ ቀለበቱ ይጠግባል፤ ትርፉ ከኋላው እንደ ጭራ ይጎተታል እንጂ ቀለበቱን አያሳድገውም። በጠርሙስሽ እናስላው። አፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አራት እጥፉ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው፤ በልክ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ አየር፣ ቡና የምንጠጣበትን ሲኒ ግማሽ እንኳ የማይሞላ። ግማሹ ስፋት ደግሞ ሦስት ሚሊ ሊትር ነው፤ ከሻይ ማንኪያ ያነሰ። ስለዚህ ጠርሙሱን በጭብጥሽ አትጭመቂው። በጣት መታ፤ ፈጣንና አጭር።

በዚያው በ1998 የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎቹ ባርተን ስሚዝና አሪ ግሌዘር የሰው ሠራሽ ጄትን አፈጣጠር ዘርዝረው አሳተሙ፤ ብዙ ሰው ወደ ጉዳዩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አንደኛው ጥቅም ሙቀት ነው። ማራገቢያ ቢላዋው ይሽከረከራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ይበላሻል። የሚንቀጠቀጥ ገበታ ግን ምንም የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ለዚህ ነው መብራቴ ውስጥ የገባው። ሁለተኛው ጥቅም አውሮፕላን ነው። አየር በክንፍ ላይ ተለጥፎ ሲሄድ ክንፉ ያነሣል። ክንፉ በጣም ሲቀና ወይም ሲታጠፍ ግን ገላው ላይ ያለው አየር ይደክማል፣ ይላቀቃል፣ የማንሣት ኃይሉ ይወርዳል። በክንፉ ገላ ላይ ካሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ቀለበቶቹ ሲወጡ ከላይ ያለውን ፈጣን አየር ወደ ደከመው ያወርዱታል፤ አየሩ ሳይላቀቅ ይቆያል። ትንሽ እፍታ ትልቅ ነገር ታዞራለች። ቦይንግና ናሳ በ2015 በአንድ 757 አውሮፕላን ጭራ ላይ ዘመድ የሆነ ነገር በበረራ ሞክረዋል፤ የእነሱ ጄቶች ግን አየር የሚመጣላቸው በቱቦ ነበር።

ስለ አውሮፕላን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «እኔ በአውሮፕላን አልመጣሁም» አለችኝ። በኦቦክ ነው የተሻገረችው፣ በጀልባ፣ ሌሊት። እኔም ዝም አልኩ። አውሮፕላን ትቼ ስለ ባሕር ነገርኳት፤ ምናልባት አላስፈለገም ነበር። ጄሊፊሽ የሚባለው እንደ ጃንጥላ የሚከፈትና የሚዘጋ ፍጥረት የሚዋኘው በዚሁ ነው፤ ጃንጥላው በታጠፈ ቁጥር የውሃ ቀለበት ከኋላው ይለቃል። «አይቻቸዋለሁ፤ ጀልባው ጎን ነበሩ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የገረማት ግን ልብ ነው። ደም ወደ ግራው የልብ ክፍል በበሩ ሲገባ የአዙሪት ቀለበት ይሠራል። ጋሪብ ያንኑ መለኪያ ልብ ላይ በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ተጠቅሞበታል፤ ጤነኛ ልብ የሚሠራው ቀለበት በዚያው በአራት አካባቢ ነበር፣ የደከመ ልብ ግን ከልኩ ይወርዳል። ይህን ስታነቢ አንዱ ደረትሽ ውስጥ እየተሠራ ነው፤ በደቂቃ ሰባ ጊዜ ገደማ።

መልእክቷ ላይ አንድ ሌላ ጥያቄም ነበራት። መብራት ሲመጣ ማራገቢያውን የት ላስቀምጠው? ሻማው እዚህም ይጠቅማል። ማራገቢያ ከኋላው የሚስበው ከየአቅጣጫው፣ ከቅርብ ብቻ ነው፤ የሚሰማ ነፋስ ያለው ከፊቱ ነው። ስለዚህ ማታ ውጭው ከክፍሉ ሲቀዘቅዝ ማራገቢያውን ወደ መስኮት አዙሪና ሙቁን አየር ወደ ውጭ ንፊው፤ በሌላ በኩል ያለ መስኮት ወይም በር ክፈቺ፤ ቀዝቃዛው በዚያ ይገባል። መስኮቱ ላይ አትለጥፊው፤ አንድ እርምጃ ራቅ አድርጊው፣ ነፋሱ የጎኑንም አየር ጎትቶ ይዞ ይወጣል። የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ማራገቢያ እንዳይጠቀሙ ይመክራል፤ ከገላ የበለጠ የሞቀ አየር መልሶ ያሞቅሻል።

በመጨረሻም እኔ የጠየቅኋት ነገር ነበር። በኹሩን የምታጨሱበት ፍሕም መብራት ሲሄድ የት ነው የሚያድረው? «እኔ ክፍል» አለችኝ። «ማዳም ሳሎን ውስጥ አመድ አትወድም።» ክፍሏ መስኮት የለውም።

እህቴ፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የሚታየው ጭስ ቀለም ብቻ ነው ብያለሁ። ፍሕም ሲነድ ሌላም ያወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ የበኹር ሽታ ባለበት ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። ሲጀምር ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የድካም እንቅልፍ ነው፤ ከሙቀትና ከሥራ ድካም ጋር ይመሳሰላል። ተኝተሽ ከያዘሽ ላትነቂ ትችያለሽ። ጋዙ የሚወጣው ጭሱ ከጠፋ በኋላ፣ ቀይ ሆኖ ከቀረው ፍሕምም ነው። ፍሕሙን ደጅ አውጪው፣ ወይም ውሃ አፍስሺበት፤ አመድ አልብሰሽ አትተዪው። ራስሽን ካዞረሽ መጀመሪያ ወደ አየር ውጪ፣ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል፤ አብሮሽ የተኛ ሰው ካለ ጎትተሽም ቢሆን አውጪው፣ ሐኪምም ጥሩ። ማዳምን ማስረዳት ካለብሽ ዐረብኛው «አወል ኡክሲድ አልከርቡን» ነው፤ «አልፈሕም ዩሰሚም» ብትዪም ይገባታል፤ ፍሕሙ ይመርዛል ማለት ነው። እህታችን ይህንን በድምፅ ቀርጬ እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ለማዳም አስሰማችው። አሁን ፍሕሙ የሚያድረው ሰገነት ላይ ነው።

ልጁ በማግስቱ ጠይቋት ነበር። ሻማውን አሳየችው፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ እንዝርቱን በእጇ። የመጨረሻው መልእክቷ አጭር ናት፦ «ባዶ ጠርሙስ ይዘን ሻማ በማጥፋት እየተወዳደርን ነው። እኔ ከሦስት ሴራሚክ ርቀት አጠፋሁ፣ እሱ ከአራት። የሱ ጠርሙስ አፉ ይጠባል። ለዛ ይሆን? መብራት ሲመጣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እደውልልሻለሁ።»